ግልጽ ደብዳቤ ለኮሌጃችን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ፦ ፋይላችን እስኪታይ ከክላስ አታስወጡን

ይድረስ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ፣ ግልባጭ ለሬጂስትራር፣ ግልባጭ ማታ ከስራ ገብተው የልጃቸውን ላፕቶፕ ከፍተው ግራ ለሚገባቸው ወላጆች በሙሉ፣

የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ እናንተም ራሳችሁን ታውቃላችሁ እኛም እናውቃችኋለን። ሜሪላንድ ውስጥ ናችሁ፣ ማታ ማታ ካፌቴሪያችሁ ውስጥ አማርኛው ከእንግሊዝኛው እኩል ነው የሚሰማው። ይሄንኑ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ፅፌ ቢሮአችሁ አስገብቻለሁ፣ እዚህ በአማርኛ የምፅፈው ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች በስማቸው ምን እንደተጠየቀ እንዲያውቁ፣ የጎደለ ካለም እንዲጨምሩበት ነው።

መጀመሪያ ምስጋና። እኔ እናንተ ጋ በፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ) ተምሬ ነርስ የሆንኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ የመጣሁት ለማማረር ብቻ አይደለም። ቆጣሪው ጋ ከሚቀመጡት ልጆች መሀል ሰው በደንብ የሚያስተናግዱ አሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። አሁን ግን የሰፈር ልጅና የቤተክርስቲያን ልጅ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ሲሞላ አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ በየዓመቱ ኦገስት ላይ ስልኬ የሚጮኸው በናንተ ምክንያት ነው፣ እና በቃ አንዴ በፅሁፍ ይሁን ብዬ ነው።

ለማያውቅ ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሙኒቲ ኮሌጅ ገብቶ የመንግስት እርዳታ የሚፈልግ ሰው ፋፍሳ የሚባለውን ፎርም ይሞላል። ከፎርሙ የቤተሰቡን አቅም የሚለካ ኤስኤአይ የሚባል ቁጥር ይወጣል፣ ድሮ ኢኤፍሲ የምንለው ማለት ነው፣ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን እርዳታው ይጨምራል፣ እስከ ኔጌቲቭ 1500 ድረስ ሊወርድም ይችላል። ፔል ግራንት በ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር፣ ብድር አይደለም። የካውንቲ ነዋሪ ሆኖ ለሚከፍል ልጅ ሙሉውን ካገኘ ብዙ ጊዜ ትምህርቱን ሸፍኖ ለመፅሀፍና ለአውቶብስ ይተርፋል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ።

ጣጣው የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው። ሲስተሙ ከሞሉት ሰዎች መሀል የተወሰኑትን ለቬሪፊኬሽን፣ ማለትም የሞሉትን በማስረጃ ለማጣራት፣ ይመርጣል፣ የሚመርጠው በአብዛኛው የፌዴራሉ ኮምፒውተር እንጂ እናንተ እንዳልሆናችሁ እናውቃለን፣ በዛ አንጣላም። የምንጣላው የተመረጠው ልጅ ፖርታል ላይ "ኢንኮምፕሊት" (አልተሟላም) የሚል ቀይ ፅሁፍ ወጥቶ ምኑ እንደጎደለ ሳይናገር ሳምንታት ሲቀመጥ ነው። ወረቀቱን ያስገባል፣ አሁንም ኢንኮምፕሊት። ይደውላል፣ "አንደር ሪቪው ነው ጠብቅ" ይባላል። በአካል ይመጣል፣ "አፖይንትመንት ያዝ" ይባላል፣ አፖይንትመንቱ ደግሞ የሚገኘው ክላስ ከተጀመረ በኋላ ነው። ደጅ መጥናት አገር ቤት የቀረ መስሎን ነበር እኮ።

ባለፈው ኦገስት የሆነውን ልንገራችሁ። ልጁ ቀን ሆስፒታል ውስጥ ወለል ያፀዳል፣ ነርሲንግ ለመግባት አናቶሚ ያስፈልገዋል፣ ከስራ ሰዓቱ ጋር የሚሄደው የማታው ሴክሽን አንድ ብቻ ነው፣ ምዝገባ በተከፈተ ቀን ገብቶ ያዘ። የተጠየቀውን ወረቀት ሁሉ አስገብቷል፣ የሰቀለበት ቀን ፖርታሉ ላይ ተፅፎ ይታያል። የክፍያው ቀን ደረሰ፣ ፋይሉን ግን ማንም አልከፈተውም፣ እና ሌሊት ላይ ሲስተሙ አልከፈልክም ብሎ ከሁሉም ክላስ አወጣው። ጠዋት ሲያይ ቦታውን ሰው ይዞታል። ሴሚስተሩ ከተጀመረ በኋላ "ፋይናንሻል ኤይድህ ፀድቋል" የሚል ኢሜይል መጣለት። ብሩ መጣ፣ ክላሱ ሄደ። አናቶሚን ሳይወስድ ደግሞ ነርሲንግ ማመልከት አይችልም፣ ስለዚህ የጠፋበት አንድ ክላስ ሳይሆን አንድ ዓመት ነው።

ፔይመንት ፕላን ግባ፣ ከፋፍለህ ክፈል ትሉታላችሁ። ገብቶ በምኑ ነው የሚከፍለው? የመጀመሪያውን ክፍያ ክሬዲት ካርድ ላይ ያደርገዋል፣ እርዳታው እስኪመጣ ወለዱ ይቆጠራል፣ ለደሀ ተብሎ የወጣ ገንዘብ ደሀውን ባለ እዳ አድርጎት ቁጭ። እኔ የምጠይቀው ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ፋፍሳውን በጊዜ የሞላና የተጠየቀውን ወረቀት ያስገባ ተማሪ ፋይሉ ታይቶ መልስ እስኪያገኝ ድረስ አልከፈለም ተብሎ ከክላስ አይውጣ። ሬጂስትራሩ አካውንቱ ላይ ምልክት ቢያደርግበት የሚያልቅ ነገር ነው። ወረቀት ያላስገባውን አስወጡት፣ አንከራከርም።

አሁን ደግሞ ፋይላችን ለምን እንደሚዘገይ ልናገር፣ ምክንያቱም እኛ ሰነፍ ስለሆንን አይደለም፣ ወረቀታችን እናንተ የለመዳችሁትን ወረቀት ስለማይመስል ነው።

ስም እንጀምር። ለምሳሌ ልጁ ዮናስ ተስፋዬ ነው፣ አባቱ ተስፋዬ ገብሬ፣ እናቱ አልማዝ ወልዴ። ሶስት ሰው ሶስት የተለያየ ላስት ኔም፣ አንድ ቤት። እኛ ጋ ይሄ ጤነኛ ቤተሰብ ነው፣ ሴት ልጅ ስታገባ ስሟን አትቀይርም፣ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። እናንተ ጋ ሲደርስ ግን "የወላጅነት ማስረጃ አምጡ" ይሆናል። የታናሽ እህቱ ግሪን ካርድ ላይ ደግሞ ላስት ኔም የተባለው የአያት ስም ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ወንድምና እህት ራሱ አይገጥሙም። የልደት ሰርተፍኬቱን ስናመጣ ጥር 1999 ይላል፣ ፓስፖርቱ ጃንዋሪ 2007፣ "ለምን ስምንት ዓመት ተለያየ?" ተብሎ የተጠየቀ ልጅ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ገፅ ላይ፣ የኢትዮጵያ ስም እንዴት እንደሚሰራና ካሌንደሩ እንደሚለያይ ፅፋችሁ ለሰራተኞቻችሁ ብትሰጡ ምን ያህል ሰው ከመመላለስ ይድን ነበር፣ ከፈለጋችሁ እኔ በነፃ እፅፍላችኋለሁ።

ገቢ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፋፍሳ የሚጠይቀው የሁለት ዓመት በፊቱን ገቢ ነው፣ ለ2026–27 ብትሞሉ የ2024ቱን ማለት ነው። በ2024 ግማሹ ሰው ገና አዲስ አበባ ነበር! አዲስ አበባ ደግሞ ተቀጣሪ ሰው በዓመት መጨረሻ ተቀምጦ ታክስ አይሞላም፣ አሰሪው ከደሞዙ ቆርጦ ያስገባለታል፣ አለቀ። ታክስ ሪተርን አምጡ ስትሉን ከየት ነው የምናመጣው። የበጀት ዓመቱ ራሱ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለውን ማስረጃ ስጡን ብለን ለድሮ መስሪያ ቤታችን ስንደውል የሰው ኃይል ክፍሉ የሚስቅብን በምክንያት ነው።

የብሩ ምንዛሪም አለ። የውጭ ገቢ ወደ ዶላር የሚቀየረው ፎርሙ በሚሞላበት ሰሞን ባለው ምንዛሪ ነው፣ ብር ደግሞ በጁላይ 2024 መጨረሻ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 አካባቢ ተነስቶ በቀናት ውስጥ ነው ወደ መቶ የተጠጋው፣ ከዛም አልፎ ሄደ። በወር 10,000 ብር ያገኝ የነበረ አባት በድሮው ምንዛሪ በዓመት 2,100 ዶላር ገደማ ነው ገቢው፣ ከዛ በኋላ በሞላ ጊዜ 1,200 እንኳን አይሞላም። ደሞዙ ያው ነው፣ ሰውየው ያው ነው። እናንተ ጋ ሲደርስ ግን "አምስት ቤተሰብ በዓመት በ1,100 ዶላር እንዴት ኖረ? በፅሁፍ አስረዱ" የሚል ፎርም ይመጣል። ምን ተብሎ ነው የሚፃፈው? ሽሮ እየበላን ኖርን ይባላል እንዴ? ከሁሉ የሚገርመኝ ገቢው 1,100ም ሆነ 2,100፣ ሌላ የተለየ ንብረት ከሌለ በቀር ልጁ የሚያገኘው ያንኑ ፔል ነው። ውጤቱን ለማይለውጥ ቁጥር ነው ሳምንታት የሚቃጠሉት። የፌዴራሉ መመሪያ እኮ ከውጭ አገር ማስረጃ ለማግኘት ሞክሮ ላልቻለ ሰው የተፈረመ መግለጫ እንድትቀበሉ ቦታ ትቶላችኋል። ተጠቀሙበት።

እቁብን ሳላነሳ ባልፍ ሰው ይታዘበኛል። ፋፍሳ ፎርሙን በምትሞሉበት ቀን ባንክ ውስጥ ስንት እንዳለ ይጠይቃል። ገቢያቸው ከ60,000 ዶላር በታች የሆኑ ብዙ ቤተሰቦች ይሄ ጥያቄ አይመለከታቸውም፣ ነገር ግን ኡበር የሚነዳ አባት እንደ ቢዝነስ ስኬጁል ሲ (የግል ስራ ገቢ የሚሞላበት የታክስ ፎርም) ስለሚሞላ ትርፉ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ከነፃዎቹ ሊወጣ ይችላል። እና ሰውየው በዛ ሰሞን እቁብ ደርሶት አካውንቱ ውስጥ ወፍራም ብር ተቀምጧል እንበል። ብሩ የሱ ነው? ገና በሁለተኛው ዙር የደረሰው ሰው የቀሩትን ወራት ሁሉ ሲከፍል ነው የሚከርመው፣ ያለ ወለድ ተበድሯል ማለት ነው። ፎርሙ ላይ ግን ለእቁብ ዳኛ የሚሆን ሳጥን የለም፣ ካሽ ካሽ ነው። እዚህ ላይ ፕሮፌሽናል ጀጅመንት የሚባለው ስልጣን በእጃችሁ አለ፣ የተማሪውን ልዩ ሁኔታ በማስረጃ አይታችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ፣ "እኛ እንደሱ አንሰራም" ብሎ ሁሉንም በጅምላ መመለስ ግን ህጉ አይፈቅድም። ስራ የተቀነሰበት፣ መኪናው ተገጭቶ ኡበር ያቆመ፣ ታሞ የተኛ አባት ያለው ልጅም የሚስተናገደው በዚሁ በር ነው፣ ብዙ ቤተሰብ ግን በሩ መኖሩን አያውቅም፣ እናንተም አትናገሩም።

አንጀቴን የሚበሉኝ ግን ብቻቸውን የመጡት ናቸው። 19 ዓመቱ ነው፣ ዲቪ ደርሶት መጥቶ አጎቱ ቤዝመንት ውስጥ ይኖራል፣ ራሱን ችሏል፣ ታክስ ይከፍላል፣ ለእናቱም ይልካል። ፋፍሳ ግን ዲፔንደንት (በወላጅ ስር ያለ) ነህ ይለዋል፣ 24 ዓመት እስኪሞላው ወይ እስኪያገባ፣ ወይ ልጅ ወልዶ እስኪያሳድግ፣ ወይ ወታደር እስኪሆን ድረስ የወላጅ መረጃ ያስፈልገዋል። አጎት ደግሞ ወላጅ አይደለም፣ በህግ የጉዲፈቻ ልጁ ካላደረገው በቀር የአጎት ገቢም ፊርማም አይገባም (ይሄን ለወላጆችና ለአጎቶች ነው የምለው፣ ለመርዳት ብላችሁ ራሳችሁን አባት አድርጋችሁ እንዳትሞሉ)። ስለዚህ እናትየው ከገጠር ሆና በኢሜይል አካውንት ከፍታ፣ ማንነቷን አረጋግጣ፣ ፈቃድ ሰጥታ ትፈርም ነው የሚባለው። አማራ ክልል ውስጥ ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ እንደነበር ቢሮአችሁ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን? የ2024–25ቱ ፎርም ራሱ ኦክቶበር ላይ መከፈት ሲገባው ዲሴምበር 2023 መጨረሻ ላይ ነው የተከፈተው፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌላቸው ወላጆች ደግሞ እስከ ማርች 2024 ድረስ በትክክል ሊገቡበት አልቻሉም ነበር፣ ያኔ የተሰናከለ ልጅ ዛሬም ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት እየቆረጠ ነው።

ወላጁን ማግኘት የማይችል ወይም ማግኘቱ አደጋ ያለው ልጅ "አንዩዥዋል ሰርከምስታንስ" (ያልተለመደ ሁኔታ) የሚለውን መርጦ ለጊዜው እንደ ኢንዲፔንደንት መሙላት ይችላል፣ መጨረሻ ላይ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ህጉ ልጁ ትምህርት ከጀመረ በ60 ቀን ውስጥ ወስኑ ይላችኋል። እውነት ለመናገር ወላጅ "አልፈርምም" ስላለ ብቻ እንደማይፈቀድ እናውቃለን፣ ያን አንጠይቅም። የምንጠይቀው ጦርነት ያለበት አገር ስልክ አይሰራም ሲባል የቀበሌ ደብዳቤ አምጣ እንዳትሉ ነው። የቄሱ፣ የሃይስኩል ካውንስለሩ፣ የሶሻል ወርከሩ ደብዳቤ ይበቃል።

አልፈርምም ስለሚሉት ወላጆችም ልናገር። አብዛኞቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ፎርሙ "አይአርኤስ (የታክስ መስሪያ ቤቱ) የታክስ መረጃህን እንዲያሳይ ፍቀድ" ይላል፣ አባትየው የሚሰማው "ጉድህን አውጣ" ተብሎ ነው፣ ለሲትዝንሺፕ አመልክቷል፣ ሜዲኬይድ አለው፣ ነገ ሌላ ነገር ያመጣብኛል ብሎ ይፈራል። ፈቃዱ ካልተሰጠ ደግሞ ልጁ ፔሉንም የፌዴራል ብድሩንም አያገኝም። ይሄን ለአባትየው የሚያስረዳው ማነው? የ17 ዓመት ልጁ! ልጅ ለአባቱ ደሞዝ አስተርጓሚ ሆኖ ቁጭ ብሎ፣ አባት ከልጁ የደበቀው እዳ እዛው ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ነው ፎርሙን የጨረሱት። የኦንላይኑ ፎርም እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ነው ያለው፣ እሱ የናንተ ጥፋት አይደለም። ግን መንገዱን ተሻግራችሁ ዲሲ ብትገቡ በ2004 በወጣው የቋንቋ ህግ መሰረት የከተማው መስሪያ ቤቶች ዋና ወረቀታቸውን በአማርኛ ያወጣሉ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ሰው በአማርኛ ነው የሚፈተነው። መኪና ለመንዳት የተቻለ ነገር ለኮሌጅ ለምን አይቻልም? አንድ ገፅ በአማርኛ፣ በስልክ የሚገባ አስተርጓሚ፣ ሌላ ምንም አላልኩም።

አዋርድ ሌተራችሁንም፣ የተፈቀደውን እርዳታ የምትገልፁበትን ደብዳቤ፣ እባካችሁ አስተካክሉት። ፔሉና ብድሩ አንድ መስመር ላይ ተደርድረው ከታች ተደምረው "እርዳታህ ይሄን ያህል ነው" ይላል። አንዳንዱ ቤተሰብ ብድር ነው ብሎ ፈርቶ ፔሉንም ጭምር ይተወዋል፣ ሌላው ደግሞ ሁሉም ስጦታ መስሎት አክሴፕት አክሴፕት ብሎ ያልፋል። የማይመለሰውን ለብቻ፣ የሚመለሰውን ለብቻ፣ በቃ።

አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቀው ገና መልስ ያላገኙትንና ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ላይ ያሉትን በተመለከተ፣ የፌዴራል እርዳታ እንደማያገኙ እናውቃለን። ግን "ኳሊፋይ አታደርግም" ብላችሁ በሩን አትዝጉባቸው፣ ሜሪላንድ ፋፍሳ መሙላት ለማይችሉ ተማሪዎች የራሱ የስቴት ፎርም አለው፣ እዚህ ሃይስኩል ለተማሩት ደግሞ በ2012 ህዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ያፀደቀው፣ ወረቀት የሌላቸው ተማሪዎች እንደ ነዋሪ እንዲከፍሉ የሚፈቅድ የድሪም አክት ህግ አለ። አንድ አረፍተ ነገር ጨምራችሁ ብትነግሩት ልጁ ተስፋ ቆርጦ አይወጣም።

እንግዲህ የፎል ሴሚስተር ክፍያ ቀን ከመድረሱ በፊት ቢያንስ ስለ ክላሱ ጉዳይ መልስ እፈልጋለሁ፣ አዎ ወይ አይ። ፖርታሉ ላይ "ኢንኮምፕሊት" ሲል የጎደለው ወረቀት ስሙ እንዲፃፍ ማድረግም ብዙ የሚከብድ አይመስለኝም። የቀረው ላይ ቁጭ ብለን እንነጋገር፣ ከስራ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፣ ሁለት ሶስት ወላጅም ይዤ እመጣለሁ።

ለወላጆች፦ ፋፍሳ ለመሙላት ለማንም ሰው ብር አትክፈሉ፣ ነፃ ነው፣ "እኔ አስጨርስላችኋለሁ" ብሎ በመቶ ዶላር የሚጠይቅ ሰው ካለ ጥላችሁ ሂዱ፣ ፓስዎርዳችሁንም አትስጡት። ልጁና ወላጁ ለየብቻ አካውንት ይከፍታሉ፣ ስማችሁ ሶሻል ካርዱ ላይ በተፃፈበት ፊደል ይግባ፣ አንድ ፊደል ከተለየ አይቀበልም። ፎርሙ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፣ የሜሪላንድ የስቴት ስኮላርሺፖች አብዛኞቹ የሚዘጉት ማርች 1 ነው፣ ኦገስት ድረስ አትጠብቁ። ቬሪፊኬሽን ከመጣ የላካችሁትን ወረቀት ሁሉ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፣ የላካችሁበትን ቀን ስክሪንሾት አንሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ተማሪያችሁ